ስለ አሮጌ የፎቶግራፍ ኔጋቲቭና ለቤት የሚሆን ስካነር በመጠነኛ ዋጋ ስለ መምረጥ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፤ ከጎፋና ከመካኒሳ ዠምሮ እስከ ላፍቶና እስከ ጀሞ ድረስ፤ ረዥም ዘመን የኖሩ ቤተ ሰቦች ያሉባቸው ቤቶች ቢታዩ፤ ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ከአልጋ በታች የተቀመጠ አንድ የብስኩት ቈርቈሮ አይታጣም። ቈርቈሮው ሲከፈት ከላይ የጋብቻ ወረቀትና የቤት ካርታ አንዳንድም ደብዳቤ ይገኛል፤ ከሁሉ በታች ግን በቡናማ ፖስታ ውስጥ የቆየ የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ አለ። የቤቱ ሰዎች ይህን ኔጋቲቭ አይጥሉትም፤ ነገር ግን አያዩትም። የሚያትምላቸው ፎቶግራፍ ቤት ከተዘጋ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፤ የአባትና የእናት ውርስ ነው ብለው ብቻ ያኖሩታል።

ኔጋቲቭ ማለት ብርሃን የነበረበትን ስፍራ ጥቁር፤ ጥቁር የነበረበትን ስፍራ ብርሃን አድርጎ የያዘ ፊልም ነው። ስለዚህ ነጭ የሀገር ልብስ የለበሰች ሙሽራ በኔጋቲቩ ላይ ከል የለበሰች ሐዘንተኛ መስላ ትታያለች። ወደ መስኮት አንሥተው ቢያዩትም መልኩ ስለማይለይ ሰው ሁሉ ቶሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ዳሩ ግን በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዋናው መዝገብ ሌላ ነው፤ ግልባጩም ሌላ ነው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ግልባጭ ነው፤ በቈርቈሮው ውስጥ ያለው ኔጋቲቭ ግን ዋናው ነው። ግልባጩ ቢደበዝዝ ወይም ቢቃጠል ከዋናው ላይ እንደ ገና ይገለበጣል። ዋናው ከጠፋ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።

ዛሬ ይህን ግልባጭ የማውጣት ሥራ በቤት ውስጥ በስካነር ሊፈጸም ስለ ተቻለ፤ ዋጋው ሳይከብድ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ቤት እንደሚበጅ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማስረዳት አስበናል። (የምንጠራቸውን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።)

አስቀድሞ ግን ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኵል እንናገር። በሀገራችን ፎቶግራፍ ማንሣት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1867ና በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ዠምሮም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፤ ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ያነሡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ደግሞ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ለንደን ሲሰደዱ ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ወጡ፤ ያ ዘመን ኋላ በእነዚሁ ኔጋቲቮች ለሕዝብ ሊታይ ቻለ። ሌላው ንብረት ቢቀር፤ እኒህ ሰው ያላስቀሩት ፊልሙን ነው።

ቤተ ክህነትም ይህን ነገር ታውቀዋለች። በየደብሩና በየገዳሙ ያሉ የብራና መጻሕፍት ከ1973 ዠምሮ በማይክሮፊልም ሲነሡ፤ የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመን የደከሙት ለእነዚሁ መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ነበር። ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር ተላልፈው ይነበባሉ። በከተማችንም ፊሊፕ ሹትዝ፤ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች አልበም ውስጥ አሮጌ ፎቶግራፎችን በስካነር እያነሡ ሰብስበው፤ በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በተባለ መጽሐፍ አውጥተዋል። በዚያ መጽሐፍ የሚታዩት ሰዎች እንደ ማናችንም ያሉ የከተማ ሰዎች ናቸው፤ የሰርግ፤ የትምህርት ቤት፤ የሽርሽር ፎቶግራፍ ነው።

ፊልም ዘለዓለም አይኖርም። ቈርቈሮው ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ፤ አሴቴት ከሚባለው ነገር የተሠራው ፊልም መበስበስ ዠምሯል ማለት ነው። ይህም ሽታ ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው ይዛመታልና የሸተተውን ለይቶ ማስቀመጥና ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ማንሣት ይገባል። እስከ 1951 ድረስ ይሠራ የነበረው ናይትሬት የተባለው ፊልም ደግሞ እሳት ፈጥኖ ይይዘዋልና እጅግ አሮጌ ፊልም ያለው ሰው ከምድጃና ከሻማ ያርቀው። የአዲስ አበባ ደጋማ አየር ከቈላው ይልቅ ለፊልም ይሻላል፤ የክረምቱ እርጥበት ግን ሻጋታ ያመጣል። ሻጋታውም የፊልሙን ፊት እየበላ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ምልክት ይተዋል።

ከሽታውም ከሻጋታውም ይልቅ የሚያስቸኵል ሌላ ነገር አለ። በላፍቶ በአንድ ወዳጃችን ቤት የልጅ ልጆች ተሰብስበው የአያታቸውን ኔጋቲቮች ወደ ኮምፒዩተር ሲያሳልፉ ተገኝተን ነበር። በአንዱ ላይ ሦስት ሰዎች ከአንድ የጭነት መኪና አጠገብ ቆመዋል። የዚህ ፎቶግራፍ ሕትመት በደርግ ዘመን ከሌሎች ወረቀቶች ጋራ ተቃጥሎ ስለ ነበር ልጆቹ አይተውት አያውቁም፤ መካከል ያለውንም ሰው አያታችን ወንድ አያት ነው ብለው ተስማሙ። ትልቁ ልጅ «እማማ፤ ይኽ አባባ አይደሉም?» ብሎ ጠየቀ። አሮጊቲቱ ፊቱን አጕልተው እንዲያሳዩዋቸው አዘዙ፤ ጥቂትም ዝም አሉና «አይደለም፤ ወንድሜ ነው። ጢሙን ሳያሳድግ በፊት ነው። ባልቤቴማ ያነሣው እርሱ ነው፤ እርሱማ መች ከፊት ይቆም ነበር» አሉ። ቀጥለውም የቀሩትን የሁለቱን ሰዎች ስም፤ የመኪናውን ባለቤትና መንገዱን ተናገሩ። እኒህ እመቤት ባይኖሩ ኖሮ መሣሪያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ያ ሰው በሌላ ሰው ስም ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ስካነር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ርካሽ ጊዜ እስኪመጣ ብሎ ዓመት ከሚጠብቅ ይልቅ፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳሉ በመጠነኛ መሣሪያ ቢዠምር ይሻለዋል እንላለን።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት በእጅ ያለውን ፊልም በማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ይገዛል። ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሁለቱ ጠርዞቹ በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎች ያሉት ከሆነ የተለመደው ፊልም ነው፤ ከ1960ዎቹ ወዲህ በየቤቱ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ 120 የሚባለው ነው፤ ፎቶግራፍ ቤቶችና የቀድሞ የሣጥን ካሜራ ባለቤቶች የተጠቀሙበት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ስፋት ያለው ፊልም ወይም የመስተዋት ኔጋቲቭ ያለው ሰው ደግሞ ዕድለኛም ነው፤ ችግርም አለበት፤ ለእርሱ የሚሆነው መሣሪያ ሌላ ነውና። 110 የተባለው ከጥፍር ጥቂት የሚበልጥ ፊልምም አልፎ አልፎ ይገኛል።

በየጽሕፈት ቤቱ ያለው የወረቀት ስካነር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከታች የሚወጣው ብርሃን ወረቀቱን መትቶ ሲመለስ መሣሪያው ያነበዋል፤ ፊልም ግን የሚነበበው ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ኔጋቲቭ በዚያ ላይ ቢያስቀምጡ የሚወጣው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ሻጩ «ሁሉን ያነሣል» ቢልም ክዳኑን አስከፍቶ ማየት ነው፤ በክዳኑ ውስጥ መብራት ከሌለ ፊልም አያነሣም።

በክዳኑ መብራት ያለው ጠፍጣፋ ስካነር ፊልምንም ወረቀትንም ስለሚያነሣ ለብዙ ቤት የሚስማማው እርሱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው በ2009 የወጣው ኤፕሰን ቪ600 ነው። የ35 ሚሊ ሜትሩን ፊልም በአንድ ጊዜ 12 ምስል፤ 120ንም ደግሞ ይቀበላል። የአባትን የሹመት ደብዳቤና ከአልበም የማይላቀቀውንም ፎቶግራፍ በዚያው መሣሪያ ማንሣት ይቻላል። ታላቅ ወንድሙ ቪ850 ሰፋፊ ፊልምና የመስተዋት ኔጋቲቭ ሳይቀር ያነሣል፤ ነገር ግን ዋጋው በአሜሪካ ከ1000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ለአንድ ቤት ብቻ መግዛቱ ብልኅነት አይመስለንም።

ሁለተኛው ዐይነት ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ብቻ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ፕላስቴክ ኦፕቲክ ፊልም 8100 እና 8200 ከዚህ ወገን ናቸው። ጥራታቸው ከጠፍጣፋው ይበልጣል። ሆኖም እያንዳንዱ ምስል በእጅ እየተገፋ አንድ አንድ ሆኖ ስለሚነሣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ 120 ፊልምም ከቶ አይገባበትም። ቈርቈሮው ሁለቱንም ዐይነት የያዘ ቤት ይህን ቢገዛ እኩሌታው ሥራ ይቀርበታል።

ሦስተኛው ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ፤ በላዩ ትንሽ መስኮት ያለው ሣጥን ነው። ኮዳክ የሚል ስም ይዞ የሚሸጥም አለ። ፈጣን ነው፤ ልጅም ይሠራበታል፤ ሆኖም ውስጡ ያለው ትንሽ ካሜራ ስለ ሆነ የነጭ ልብስ ጥልፍና የጥላው ውስጥ ፊት ብዙ ጊዜ ይጠፋበታል። ብዙ መቶ ኔጋቲቭ ያለው ሰው የትኛው መልካም እንደ ሆነ አስቀድሞ ለመለየት ቢጠቀምበት ይረዳዋል። የመጨረሻ ግልባጭ አድርጎ ማኖሩን ግን አንመክርም።

አራተኛው መንገድ ስካነር አለመግዛት ነው። ጥሩ ካሜራና ከቅርብ የሚያነሣ ሌንስ ያለው ልጅ ወይም ዘመድ በቤት ካለ፤ ነጭ የመብራት ሰሌዳና ካሜራውን ወደ ታች አዙሮ የሚይዝ መቆሚያ ብቻ ገዝቶ ፊልሙን ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። ሰፊው ፊልምና የመስተዋቱ ኔጋቲቭም በዚህ መንገድ ያለ ውድ መሣሪያ ይነሣሉ። ሃያ ወይም ሠላሳ ኔጋቲቭ ብቻ ያለው ቤት በእጅ ስልኩ ቢያነሣም ይበቃዋል። የሌላ ስልክ መስተዋት እንደ መብራት ሲጠቀም ግን የመስተዋቱ ነጥቦች በፎቶግራፉ ላይ እንዳይታዩ፤ ነጭ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በመካከል አድርጎ ፊልሙን ከፍ ያድርገው። ጥቁርና ነጭ ከሆነ መልኩን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ባለ ቀለሙ ፊልም ግን በተፈጥሮው ብርቱካንማ ስለ ሆነ ቀለሙን የሚያስተካክል ፕሮግራም ያሻዋል።

በሣጥኑ ላይ ስለሚጻፈው ቍጥር ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ስካነር በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ በቍጥር ይነገርለታል። የቪ600 ሣጥን 6400 ይላል፤ ገለልተኛ መርማሪዎች ለክተው ያገኙት ግን 1500 ያህል ነው። የፕላስቴኩም ሣጥን 7200 ይላል፤ የተገኘው ከ3000 ጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህ ማለት መሣሪያዎቹ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፤ በእውነተኛው 1500 ቢነበብ 3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሰጣል፤ ይህም 12 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ መልካም ፎቶግራፍ ለማተም ይበቃል። የ120 ፊልም ምስል ግን ራሱ ሰፊ ስለ ሆነ፤ በዚያው መሣሪያ 6 በ6 የሚባለው ወደ 11 ሚሊዮን ነጥብ ሰጥቶ በጐንና በጐኑ 28 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። እንግዲህ ትልልቅ ኔጋቲቭ ያለው ሰው በርካሹ ጠፍጣፋ ስካነር ምንም አይጐድልበትም። በ35 ሚሊ ሜትር የተነሣ የሰርግ ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ በትልቁ ለመስቀል የሚፈልግ ግን ፕላስቴኩን ወይም ካሜራውን ይምረጥ።

በቪ600 የሚሠራ ሰው ቍጥሩን 2400 ላይ ቢያደርገው ይበቃል። በ6400 ቢያነሣ አንዱ ባለ ቀለም ምስል 165 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ በ2400 ግን 23 ብቻ ነው፤ ለዓይን የሚታየው ነገር ግን አይጨምርም። በ2400 የተነሡ 500 ምስሎች 12 ጊጋ ባይት ያህል ስለሚሆኑ በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ይያዛሉ።

ሻጮች እጅግ የሚያመሰግኑት ሌላው ነገር ዲጂታል አይስ የተባለው አቧራና ጭረት አጥፊ ነው። ለባለ ቀለም ፊልም በእውነት ይረዳል። በዓይን የማይታይ ብርሃን ቀለሙን አልፎ ይሄዳል፤ አቧራውን ግን አያልፍምና መሣሪያው አቧራውን ለይቶ ያጠፋዋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ የተሠራው ከብር ስለ ሆነና ብሩም ያንን ብርሃን ስለሚከለክል፤ መሣሪያው የሰውን ፊት እንደ አቧራ ቈጥሮ ያበላሸዋል። ስለዚህ ቈርቈሮው በጥቁርና ነጭ የተሞላ ሰው ለዚህ ነገር ተጨማሪ ዋጋ አይክፈል፤ መሣሪያው ቢኖረውም ያጥፋው።

የዋጋውን ነገር በብር ቈርጠን መናገር አልፈለግንም፤ በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለሚመጣው ወር አይሆንምና። ያገለገለ መግዛት ግን ነውር የለውም፤ ከውጭ ሀገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ማስመጣትም እንደዚሁ። ሲገዙ የፊልሙ መያዣ ፕላስቲክ አብሮ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እርሱ ነው፤ ያለ እርሱም ፊልሙ ጐብጦ ምስሉ ይደበዝዛል። የመስተዋቱን ውስጥ በመብራት ያዩ፤ በክረምት የቆየ መሣሪያ ውስጡ ጉም ይይዛል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በኤሌክትሪክ መለወጫው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የእኛ 220 ቮልት ስለ ሆነ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ መለወጫ ሳይገዙ እንዳይሰኩት። የድሮ ስካነር አዲሱ ኮምፒዩተር አላውቀውም ቢለው ቶሎ አይጣል፤ ቪውስካን የተባለው ፕሮግራም ፋብሪካዎቹ የረሷቸውን ብዙ መሣሪያዎች ያሠራልና።

ከሁሉ ይልቅ ርካሽ የሆነው መንገድ ግን በሀገራችን ልማድ የሚገኝ ነው። አንድ ቤት ይህ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለጥቂት ወር ብቻ ነው፤ ቈርቈሮው ካለቀ በኋላ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ዘመዳሞች ወይም የአንድ ማኅበር ሰዎች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው አንድ መልካም ጠፍጣፋ ስካነር ቢገዙ፤ በየተራም ከቤት ወደ ቤት ቢያዘዋውሩት፤ ሲጨርሱም ሸጠው ገንዘቡን ቢካፈሉ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርስበት ዋጋ ትንሽ ይሆናል። ተራው አስቀድሞ ሊሰጥ የሚገባው በዕድሜ የገፋ ሰው ላለበት ቤት ነው።

ስለ አሠራሩ ረዥም ቃል አያስፈልግም። ፊልሙን በጠርዙ ብቻ መያዝ፤ ንጹሕ የጥጥ ጓንትም ማድረግ፤ አቧራውን በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማስለቀቅ ይገባል። በውኃና በአልኮል መጥረግ፤ በአፍም እፍ ማለት አይገባም፤ ምራቅ የሚተወው ነጠብጣብ አይለቅምና። ሽማግሌው ወይም አሮጊቲቱ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚናገሩትን አንዱ ልጅ በደብተር ይጻፍ። የምስሉን ተራ ቍጥር፤ የሰዎቹን ስም ከነአባታቸው ከግራ ወደ ቀኝ፤ ቦታውን፤ ዘመኑንም «ከጠላት ወረራ በፊት» ወይም «እገሌ በተወለደ ዓመት» ብለው እንደ ነገሩት መጻፍ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በግምት አስተካክሎ ከመጻፍ ይልቅ የነገሩትን ቃል እንዳለ ማኖር ይሻላል።

ሥራው ሲፈጸም ግልባጩ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ፤ አንዱ በቤት፤ አንዱ ደግሞ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ ሀገር ባለ ዘመድ ዘንድ። ኔጋቲቩ ግን አይጣልም። ከፕላስቲክ ከረጢት አውጥቶ በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ማድረግ፤ በፖስታውም ላይ ፊልሙ ከመግባቱ በፊት በእርሳስ ቍጥሩን መጻፍ፤ ከዚያም ከወጥ ቤትና ከውጭ ግድግዳ በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የብስኩቱን ቈርቈሮ ለመርፌና ለክር መስጠት ይቻላል።